ፕሮጀክቱን የሠራው ማነው?

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ሐሙስ ማታ ነው። ራት ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን ልንቀመጥ ስንል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ «አባባ፣ ሰኞ የሚቀርብ ፕሮጀክት አለብኝ» አለችኝ።

«መቼ ነው የተሰጣችሁ?» አልኳት።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት» አለችና ወደ እናቷ ሰረቅ አድርጋ አየች። ነገሩ ገባኝ። ጉዳዩ እናትየው ጆሮ ሳይደርስ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል እንዲያልቅ ነው የተፈለገው። አያት ታዲያ ለመቼ ነው?

ትእዛዙ የመጣው በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ውሃ በቤታችን» በሚል ርዕስ ፎቶ፣ ድምፅና ጽሑፍ ያለበት፣ ከ3 ደቂቃ ያልበለጠ ቪዲዮ ሠርታችሁ አምጡ ይላል። በእኛ ጊዜ ፕሮጀክት ማለት ካርቶንና ኮላ ነበር። እኔ 34 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ቪዲዮ አቀናብር ብትሉኝ ግን ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። አላውቅም ማለቱ ደግሞ በልጅ ልጅ ፊት ይከብዳል።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ሰፈራችን ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ልጁ ወረቀቴን ገና አንብቦ ሳይጨርስ «ፋዘር፣ ችግር የለም፤ ማታ መጥተው ይውሰዱ» አለኝ። 400 ብር ከፈልኩ። ማታ በፍላሽ ሰጠኝ። ሥራው ያምራል! ባሕሩ ይተናል፣ ደመናው ይንሳፈፋል፣ ዝናቡ ተራራው ላይ ይወርዳል፣ ሙዚቃው ከኋላ ይንቆረቆራል፣ አንድ ፈረንጅ በእንግሊዝኛ ያብራራል። መጨረሻው ላይ የልጅቷ ስም በወርቃማ ፊደል ብቅ ይላል። ልጅቷ አይታ በደስታ አቀፈችኝ። እኔም የ400 ብሩን ነገር ረሳሁት።

ሰኞ ማታ ግን ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍተው ነው የመለሰችው። አልጋዋ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ቪዲዮው ሲታይ ክፍሉ አጨብጭቦ ነበር አሉ። ቀጥሎ መምህሯ «በጣም ጥሩ። ትነት የሚባለውን እናንተ ቤት ውስጥ የት አይተሽዋል?» ብላ ጠየቀቻት። ዝም። «በቀን ስንት ሊትር ውሃ ትጠቀማላችሁ?» ዝም። ከኋላ ወንበር አንዱ «ፈረንጁን ጠይቂው!» አለና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

«አባባ፣ ምን ልበላቸው? የኔ አይደለም እኮ» አለችኝ።

ያቺ «የኔ አይደለም እኮ» አንጀቴን በላችው። ልጅቷ ላይ የተሳቀ መሰላት እንጂ የተሳቀው በእኔ ነው። ርዕሱ እኮ «ውሃ በቤታችን» ይላል። እኔ የገዛሁላት የማንም ቤት ያልሆነ ውሃ ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ አልነበረም። «የስድስተኛ ክፍል ልጅ ቪዲዮ አምጪ ይባላል ወይ?» ብዬ ልቆጣ ነበር። መምህሯ ልጅ ናት፤ ከእኔ የመጨረሻ ተማሪዎች ጋር እኩያ ትሆናለች። መምህር እንደነበርኩ ስነግራት ከወንበሯ ተነሥታ አስቀመጠችኝና ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው። «የዚህን ሳምንት የትምህርት እቅዴን ልይዎት፣ እርስዎም ይዩልኝ» አለች።

እቅድ እኔ አውቃለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ በማስመሪያ አስምሬ፣ ዓላማ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ የትምህርት መርጃ፣ ምዘና ብዬ ጽፌ ለዲፓርትመንት ኃላፊ አስፈርሜአለሁ። የእሷም ያው ነው፤ ዓምዶቹ አልተለወጡም። ልዩነቱ ከእያንዳንዱ ዓምድ ሥር ሥዕሉ፣ ድምፁና ቪዲዮው አብሮ መቀመጡ ነው። ቪዲዮውን ቤቷ ሆና አስቀድማ አውርዳዋለች፤ ክፍል ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቅም። አንድ ተጨማሪ ዓምድም አየሁ። «መብራት ከሌለ» ይላል። ከሥሩ «ማንቆርቆሪያ፣ የድስት ክዳን፣ እርጥብ ጨርቅ» ተብሎ ተጽፏል። ደስ አለኝ። አገሩን የሚያውቅ እቅድ ነው።

ከሁሉም የገረመኝ ግን የ4 ደቂቃው ቪዲዮ ላይ በቀይ የተጻፉት ሦስት ማስታወሻዎች ናቸው። «ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቆመዋለሁ» አለችኝ። «አቁሜ እጠይቃቸዋለሁ። ካልገባቸው ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። አንዳንዴ 4ቱን ደቂቃ ለማየት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብናል።»

ይህን ስትል ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመለስኩ።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የሚባለው ነገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲገባ እኔ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ ልጅ ያስተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ አቅራቢው ከስክሪኑ ውስጥ ሆኖ ያስተምራል። ለእኛ መጀመሪያ ላይና መጨረሻ ላይ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ትተርፈናለች። ሐሰት አልናገርም፣ መልካም ነገር ነበረው። ማይክሮስኮፕ በሌለው ትምህርት ቤት ሴል ለሁለት ሲከፈል አሳይቶናል። ልብ ከውስጥ ሆና ደም ስትረጭ ያየሁት እኔም ከተማሪዎቼ ጋር እኩል በዚያው ስክሪን ነው።

ችግሩ አይቆምም ነበር። አንድ መጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነበረኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር። አንድ ቀን በትምህርቱ መሃል እጁን አወጣ። አቅራቢው ቀጠለ። ልጁ እጁን እንዳወጣ ቆየ። እኔ በምልክት «ቆይ፣ በኋላ» አልኩት። ስክሪኑ ሲዘጋ ደወሉ ተደወለ፤ ሌላ መምህር በር ላይ ቆሟል። በማግስቱ ሌላ ርዕስ ነበር። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። ሊጠይቅ የፈለገው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወጣቷ መምህርት በቀይ ያሰፈረችው ያንን ነው፤ እኔ ያጣሁትን «አቁም»። መሣሪያው ያው ስክሪን ነው። ልዩነቱ ማን ይዞታል የሚለው ነው። መምህር የያዘው ስክሪን ልጅ ይጠብቃል፤ ብቻውን የሚሄድ ስክሪን ማንንም አይጠብቅም። ለካ እኔም ለልጅ ልጄ ገዝቼ የሰጠኋት ያንኑ የማይቆመውን ስክሪን ኖሯል።

ቁጣዬን ትቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ኢንተርኔት ቤቱንም፣ 400 ብሩንም። ሳቀች። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ከክፍሉ ግማሹን የሠራው ቤተሰብ ነው» አለችኝ። እቅዷን በየሳምንቱ እሑድ ግሩፑ ላይ እንደምትልክም ነገረችኝ። ቤት ስገባ የልጄን ስልክ ከፍቼ አየሁ። እውነት ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ተልኳል። አንዱንም የከፈተው የለም።

አንድ ሳምንት ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠን። ሕጉ ግልጽ ነው፤ አዋቂ ስልክ መያዝ ይችላል፤ ምን እንደሚቀረጽ የምትወስነው፣ የምትናገረውና የምትቆርጠው ልጅቷ ናት።

የመጀመሪያው ቀን በልቅሶ አለፈ። «ምን ልቅረጽ? እኛ ቤት ምንም የለም!» አለች። ከዚያ የጓሮዋ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ስትል ሰማች። ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ነው፤ ወራት ሆኖታል፣ ሁላችንም ለምደነዋል። የ1 ሊትር ጆግ ከሥር አስቀመጠችና ሰዓት ያዘች። በ40 ደቂቃ ሞላ። እርሳስና ወረቀት አምጥታ ታሰላ ጀመር። አንድ ቀን 1,440 ደቂቃ ነው፤ ለ40 ሲካፈል 36። «አባባ! በቀን 36 ሊትር! ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ምንም አልቀረው!» ብላ ጮኸች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጠብታ እያልን የናቅነው ነገር በቀን ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። እኔ የሳይንስ መምህሩ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌአለሁ።

ከዚያ ማን ያቁማት። ዕቃ ሲታጠብ በስንት ጆግ፣ ልብስ ሲታጠብ በስንት ባልዲ፣ ሁሉንም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለካች። ሽሮ ሲንተከተክ የድስቱን ክዳን አንሥታ፣ ከክዳኑ ሥር የተንጠለጠለውን ጠብታ ቀረጸች። «ትነት ይኼ ነው፤ ወጥቶ ቀዝቅዞ ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ ዝናብ» አለች፣ በራሷ ድምፅ።

አያቷንም ቀረጸች። ባለቤቴ መጀመሪያ «ወግጂ፣ እኔ ምን አውቄ!» ብላ ነበር። ኋላ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። በልጅነቷ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ እንስራ አዝላ ምንጭ እንደምትወርድ፣ አንድ ቀን እንስራው መንገድ ላይ ተሰብሮ ቤት መግባት ፈርታ እስኪመሽ ዛፍ ሥር እንደተቀመጠች ተናገረች። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ቪዲዮው ላይም ይታያል።

ሥራው ሲያልቅ እንደ መጀመሪያው አያምርም። ጥግ ላይ አውራ ጣቴ ገብቷል። የጎረቤት ውሻ ይጮኻል። ክፍል ውስጥ ግን መምህሯ አራት ጥያቄ ጠየቀቻት፤ አራቱንም መለሰች። ከ20፣ 17 አገኘች። ሦስቱ የተቀነሰው ጽሑፉ ላይ የፊደል ግድፈት ስለነበረ ነው። ያ ከኋላ ወንበር የሳቀው ልጅ «የእኛንም ቤት ቧንቧ እንዴት ነው የምለካው?» ብሎ ጠይቋታል አሉ።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ይህን ነገር ትምህርት ቤቶች በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ነው አብዛኞቻችን በግድ የተዋወቅነው። ያን ጊዜ ትምህርት በቴሌግራምና በቴሌቪዥን ቤታችን ገባ። ትምህርት ቤት ቢከፈትም ስልኩ አልወጣም፤ የሚወጣም አይመስለኝም። ጥሩ ነገሮች ሞልተዋል። ለምሳሌ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው ፌት የተባለው ሥራ፣ ልጆች የኤሌክትሪክ መስመርን ወይም የጋዝን ጠባይ ስክሪን ላይ እየነካኩ የሚሞክሩበት ነው። በነፃ ይገኛል። ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ዩኔስኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የዓለም የትምህርት ሪፖርት ቴክኖሎጂ መምህርን የሚደግፍ እንጂ የሚተካ እንዳይሆን መክሯል። የእኔም የጓሮ ቧንቧ ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው።

እኔ ከስሕተቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ፣ መምህሩ እቅድ ወይም የፕሮጀክት ትእዛዝ ከላከ በዚያው ቀን ክፈቱትና ርዕሱን ከልጁ ጋር አንብቡ። እኔ ርዕሱን አንብቤው ቢሆን 400 ብሬ ይተርፈኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ከመምህሩ በፊት እናንተ ጠይቁ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ምን አየህ? እንዴት አወቅህ? ይህ ፎቶ ከየት መጣ? ልጁ ከመለሰ ሥራው የእሱ ነው፤ ቢንሻፈፍም ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮ ይሠራ ተብሎ የልጅ ፊትና የቤት በር ለማንም አይታይም። የእኛዋ የቀረጸችው እጅ፣ ጆግና ድስት ነው። አያቷንም አስፈቅዳ ነው። ክፍል ውስጥ ታየ፣ እዚያው ቀረ።

በመጨረሻ፣ ስልክ የሌለበት ቤት እንዳለ አንርሳ። ሳልጠይቃት የነገረችኝ መምህሯ ናት። ለአራት ልጆች አንድ ስልክ መድባ እዚያው ትምህርት ቤት የሚሠሩበት ሰዓት አመቻችታለች፤ በሥዕልና በቃል ማቅረብም ይፈቀዳል። የእናንተ ልጆች ትምህርት ቤት ይህ ከሌለ በወላጆች ስብሰባ ላይ አንሡት። ያ መጨረሻ ወንበር ላይ እጁን ያወረደው ልጅ ዛሬም በየክፍሉ አለ።

የጓሮው ቧንቧ ጎማው ተቀይሮለታል፤ አሁን አይንጠባጠብም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስለ አፈር የሚሠራ አዲስ ፕሮጀክት መጥቷል። በዚህኛው ማንም አልተንሾካሾከም፤ ራት ላይ፣ እናቷም ባለችበት፣ በግልጽ ነው የተነገረው። «ላግዝሽ?» አልኳት።

«አባባ፣ ስልኩን ብቻ ያዝልኝ» አለችኝ። «ጣትህን ግን ሰብስብ።»