በእጅ ለሚሠራ የመስታወት ምድጃ የሙቀት መለኪያ አመራረጥ

የመስታወት ማጣመሪያ ምድጃ ግድግዳው ሙቀት በሚችል ቀላል ጡብ የተሠራና በኤሌክትሪክ ሽቦ ግለት የሚሞቅ ሣጥን ሲሆን፣ ተቆርጠው የተደራረቡ የመስታወት ቁራጮችን አለስልሶ አንድ ወጥ አካል ለማድረግ ያገለግላል። በእጅ የሚሠራ የሚባለው ዓይነት የሙቀቱን አወጣጥና አወራረድ በፕሮግራም የሚመራ መቆጣጠሪያ የሌለው፣ ባለሙያው ራሱ ማዞሪያውን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ እያዞረና ሰዓት እየተከታተለ የሚያሠራው ነው። በማዞሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የኃይል መጠንን እንጂ የምድጃውን ሙቀት አያመለክትም፤ ስለዚህ የሙቀት መለኪያ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን እንደ ምድጃው አካል ሊታይ ይገባል።

ምድጃው የሚቋቋመው በባሕር ዳር ከሆነ፣ ከተማዋ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ጎረቤት ብትሆንም፣ ሥራ ቤቱ ድረስ የሚደርሰው ቮልቴጅ በመስመሩ ርዝመትና በዚያው መስመር ላይ ባሉ ወፍጮዎችና ብየዳ ቤቶች ፍጆታ ከፍ ዝቅ ይላል። የምድጃው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ 220 ቮልት ወደ 198 ሲወርድ ኃይሉ በ19 በመቶ ይቀንሳል፤ ማዞሪያው ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ትናንት በተወሰነ ሰዓት በደንብ የተጣመረ ሥራ ዛሬ በዚያው ሰዓት ጠርዙ ሳይለሰልስ ሊወጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ተራ የመስኮት መስታወት ሙሉ በሙሉ የሚጣመረው በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ውስጣዊ ውጥረቱን የሚለቀው ግን ሲቀዘቅዝ በ550 ዲግሪ ገደማ ላይ ቆይቶ ቀስ እያለ ከወረደ ብቻ ነው። በከፍተኛው ሙቀት ላይ ምድጃው ቀልቶ ስለሚታይ የለመደ ዓይን በመጠኑ ሊገምት ይችላል፤ በ550 ዲግሪ ግን በቀን ብርሃን የሚታይ ቅላት የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሥራ የሚሰነጠቀው ዓይን በማይረዳበት በዚህ የመቀዝቀዣ ጊዜ በመሆኑ፣ የመለኪያ ምርጫም ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት ከመቀዝቀዙ አንጻር ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቴርሞካፕል ነው። ቴርሞካፕል ዘራቸው የተለያየ ሁለት የብረት ሽቦዎች በአንድ ጫፍ ተበይደው የሚሠሩት መለኪያ ሲሆን፣ በተበየደው ጫፍና በሌላው ጫፍ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ልክ እጅግ አነስተኛ ቮልቴጅ ያመነጫል። ኬ የሚባለው ዓይነት በኒኬል ቅይጦች የሚሠራ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 41 ማይክሮ ቮልት ገደማ የሚሰጥና ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚችል ስለሆነ ለመስታወት ይበቃል፤ ከፕላቲነም የሚሠራው ኤስ የተባለው ዓይነት ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከመስታወት ይልቅ ከፍተኛ ሙቀት ለሚፈልግ ሴራሚክ ይስማማል።

ገዢዎች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በንባብ ማሳያው ላይ ቢሆንም፣ ስህተት የሚገባው ብዙውን ጊዜ በሽቦው በኩል ነው። ከቴርሞካፕሉ እስከ ማሳያው የሚዘረጋው ሽቦ ለኬ ዓይነት የተሠራ መሆን ሲገባው ተራ የመዳብ ሽቦ ከተቀጠለበት፣ ከምድጃው ውጪ ያለው መጋጠሚያ 60 ዲግሪ ሞቆ ማሳያው ባለበት ክፍል 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ንባቡ ከእውነተኛው በ35 ዲግሪ ገደማ ያንሳል። ይህ ልዩነት ጠርዙ ብቻ የተያያዘን ሥራ ፈሶ ከጠፋው ለመለየት የሚበቃ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ማሳያው ላይ ተገለባብጠው ከታሰሩ ደግሞ ምድጃው እየጋለ ንባቡ ይወርዳል፤ በአሜሪካ ደረጃ ቀዩ ሽቦ አሉታዊ መሆኑ ቀይን አዎንታዊ አድርጎ የለመደውን ኤሌክትሪሻን በቀላሉ ያሳስታል።

የቴርሞካፕሉ ጫፍ ግለት ሽቦዎቹን ሳይነካ፣ መስታወቱ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ መግባት አለበት፤ ጣሪያው አጠገብ ከተተከለ የሚለካው የመስታወቱን ሳይሆን የሽቦውን ሙቀት ነው። በወፍራም ሴራሚክ የተሸፈነው ዕድሜው ቢረዝምም የሙቀት ለውጥን ዘግይቶ ስለሚያሳይ፣ ለአነስተኛ ምድጃ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የተሻለ ነው። ከርቀት የሚለካው የኢንፍራሬድ መሣሪያ ምድጃውን ማስከፈቱ ሳያንስ ከግለት ሽቦው የሚንጸባረቀውን ጨረር ጭምር ስለሚያነብ፣ በተጨማሪም ርካሾቹ 550 ዲግሪ ሳይሞሉ የሚያቆሙ በመሆናቸው፣ ቴርሞካፕልን ሊተካ አይችልም።

የተገዛው መለኪያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በበረዶ ውሃና በሚፈላ ውሃ ሊፈተሽ ይገባል። በበረዶ ውሃ 0 ዲግሪ ማሳየት አለበት፤ የጣና ዳርቻ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ በባሕር ዳር የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን መለኪያ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥል፣ ወይም ስድስት ዲግሪ ጨምሮ ትክክለኛውን ንባብ ሊያዛባ ይችላል። ይህ ፍተሻ በታችኛው ሙቀት ላይ ያለን ስህተት እንጂ በ800 ዲግሪ የሚፈጠረውን ስለማያሳይ፣ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች በትናንሽ የመስታወት ቁራጮች መሞከር አለባቸው።

ስለዚህ በባሕር ዳር በእጅ የሚሠራ ምድጃ ለሚያቋቁም ሰው የሚበጀው ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ከራሱ ሽቦ ጋር፣ ማሳያው በባትሪ የሚሠራ ሆኖ ነው፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት መስታወቱ ምን ያህል ፍጥነት እየቀዘቀዘ እንዳለ ማወቅ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነውና። ገንዘብ ከተረፈ ባለ ብዙ ተግባር ማሳያ ከመግዛት ይልቅ ሁለተኛ ቴርሞካፕል በመጠባበቂያነት ማስቀመጥ ይሻላል፤ የኬ ሽቦ በተደጋጋሚ ግለት እያረጀ ንባቡ ስለሚዛባ፣ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት መቼ መቀየር እንዳለበት ያሳያል።