አሞርዛተር

አሞርዛተር ወይም ሾክ አብዞርበር የመኪናን መናጥ የሚያበርድ የእግር ክፍል ነው። ስሙ፣ እንደ ሞላና ባሌስትራ፣ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ሲሆን፣ አሞርዛተሩ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ የሞላውን ንጥቀት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሲደክም ጎማው መሬቱን አጥብቆ ስለማይዝ መኪናው ፍሬን ተይዞም ቶሎ አይቆምም። ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው ደብረ ታቦር ወደ ፎገራ ሜዳ በሚወርደው የወረታ መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

'''ለአሮጌ መኪና አመራረጥ'''

እግሩ ሲንኳኳ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጎሚኒ ወይም የቦል ጆይንት ነው። እነዚህ ርካሽ ስለሆኑ አስቀድሞ ማስፈተሽ ገንዘብ ያድናል። አሞርዛተሩ ዘይት ካፈሰሰ፣ ወይም የመኪናው ጥግ ተጭኖ ሲለቀቅ ደጋግሞ ከተወዛወዘ፣ ይቀየራል፤ የግራና የቀኙ አብረው።

ከ1970 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. እንደተመረተው ቶዮታ ሴሊካ ላሉ የስፖርት መኪናዎች ዝቅ የሚያደርጉ ጠንካራ ሞላዎች ይሸጣሉ። ለለስላሳ አስፋልት የታሰቡ ናቸው፤ ኮረት በበዛበት መንገድ ጎማው ይዘላል፣ ሆዱም ድንጋይ ይመታል። በፋብሪካው ልክ የተሠራ አዲስ አሞርዛተር ይሻላል።

ያገለገለ መለዋወጫ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ለበር ወይም ለመብራት መልካም ነው። የአሞርዛተር ጎማ ማኅተም ግን ምን ያህል እንዳለቀ ከውጭ ስለማይታይ፣ በግማሽ ዋጋ ቢገኝ እንኳ አያዋጣም።