ስኳርን ለይተው ኢንሱሊን የሚለቁ ጄሎችና ሰው ሠራሽ ካታሊስቶች

በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን በራሳቸው ለይተው የሚያስፈልገውን ኢንሱሊን የሚለቁ ለስላሳ ቁሶችን ለመሥራት በተለያዩ አገሮች የሚካሄደው ምርምር 40 ዓመታት ያህል ቢያስቆጥርም፣ ውጤቱ እስካሁን በሐኪም ትዕዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ለመሆን አልበቃም። ለመዘግየቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሥራው የተጣለበት ኢንዛይም በቀላሉ የሚጎዳ መሆኑ ነው።

ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከተገኘ ወዲህ የብዙዎችን ሕይወት ታድጓል። ይሁንና መጠኑን የሚወስነው አሁንም በአብዛኛው ሕመምተኛው ራሱ ነው። ካነሰ ስኳሩ ይጨምራል። ከበዛ ደግሞ ስኳሩ ከሚገባው በታች ወርዶ ሕመምተኛው ራሱን ሊስት፣ በተለይ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ጤነኛ ቆሽት ይህን ልኬት ያለማንም እገዛ ሲያከናውን ይውላል፤ ተመራማሪዎቹም የተነሱት ይህንኑ አሠራር ለመተካት ነው።

ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1835 የሰጠው ስዊድናዊው ኬሚስት የንስ ያኮብ በርዜሊየስ ነው። ኢንዛይሞች የተፈጥሮ ካታሊስቶች ናቸው። ጠላ በሚጠመቅበት ጊዜ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡት በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ናቸው፤ ብቅሉ ቢቀቀል ግን ይህ ችሎታቸው ይጠፋል።

ጄል ደግሞ ብዛት ያለው ውሃ የያዘ የፖሊመር መረብ ነው። የቼክ ተወላጁ ኦቶ ቪክተርሌ እ.ኤ.አ. በ1960 ከባልደረባው ጋር ይፋ ያደረገው ጄል በዓይን ላይ ለሚደረገው ለስላሳ ሌንስ መሠረት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ቶዮይቺ ታናካ፣ ጄል በአካባቢው በሚከሰት አነስተኛ ለውጥ ሳቢያ በድንገት ሊኮማተር እንደሚችል አሳየ። በምርምሩ ዘርፍ በስፋት የሚታወቅ አንድ የጄል ዓይነት በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ውሃውን አውጥቶ ይጨማደዳል።

ሁለቱን ማጣመር የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በጄሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስኳር ሲደርሰው ወደ አሲድነት ይለውጠዋል፤ አሲዱ ጄሉን ያሳብጠዋል፤ በመረቡ ውስጥ የታገደው ኢንሱሊንም ይወጣል። ሐሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን ኢንዛይሙ ሲሠራ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ኦክስጅን ደግሞ ከቆዳ ሥር እንደልብ አይገኝም። በተጨማሪም የሚያመነጨው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ኢንዛይሙን ራሱን እያዳከመው ይሄዳል።

በመሆኑም ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አማራጮች ያዞሩ አልጠፉም። በኢጣሊያ ሚላኖ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 እጅግ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች ግሉኮስን እንደ ኢንዛይሙ ወደ አሲድ መለወጥ እንደሚችሉ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በቻይና የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ፐርኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ሥራ ሲሠሩ ተገኙ። ቅንጣቶቹ ሙቀትን ከኢንዛይም በተሻለ ይቋቋማሉ። ሆኖም ኢንዛይሙ ግሉኮስን ከሌሎች ስኳሮች አጥርቶ ሲለይ፣ ወርቁ ያን ያህል አይለይም። በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችም የቅንጣቱን ገጽ ሸፍነው ሥራውን ሊያስተጓጉሉ ይችላሉ።

በጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ያለ ምንም ኢንዛይም የሚሠራ ጄል ቀርቧል። በውስጡ ያለው ፊኒልቦሮኒክ አሲድ ካታሊስት ሳይሆን ስኳርን የሚይዝ ውህድ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ከደም ይልቅ አልካላይነቱ በጎላ ፈሳሽ ውስጥ የሚሠራ ስለነበር፣ ከሰውነት ሁኔታ ጋር ለማጣጣም ተከታታይ ማሻሻያ አስፈልጎታል።

ካታሊስቱ ሙቀት ቻለ ማለት ግን መድኃኒቱ ሙቀት ቻለ ማለት አይደለም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ስላለበት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል በማይደርስባቸው የገጠር አካባቢዎች ያለው የማቀዝቀዣ ችግር በዚህ ጄል ብቻ አይፈታም። ሌላው ያልተቃለለ ጉዳይ ፍጥነት ነው። ከምግብ በኋላ ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ መጨመር ሲጀምር፣ ወፈር ያለ ጄል ለማበጥም ሆነ ተመልሶ ለመኮማተር ሰዓታት ሊወስድበት ይችላል።