«እይልኝ» የምትለው ጣት

ልጅ ሲቆም «ወፌ ቆመች» እንላለን። የመጀመሪያ ቃሉን ሲያወጣ «አፉን ፈታ» ብለን ለጎረቤት እናወራለን። ዳዴ ሲልም፣ ጥርስ ሲያበቅልም የየራሱ እልልታ አለው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምጠብቀው ነገር ግን እስካሁን የሰማሁት እልልታ የለውም። ልጁ በአመልካች ጣቱ አንድ ነገር ያሳይና ዞር ብሎ «አየሽው?» በሚል ዓይን ያየናል።

ይህን ለማየት ከጉዱማሌ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ የሚከበርበት ይህ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር በአዘቦት ቀን የልጆች ነው። ጀልባው አለ፤ ዛፉ ላይ የሚዘለው ጦጣ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አባ ኮዳ አለ፣ መላጣ ራሱን አቀርቅሮ እንደ ሽማግሌ የሚራመደው ትልቅ ወፍ። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ አባ ኮዳን አይቶ ዝም አይልም። ጣቱ ትወጣለች።

ባለሙያዎቹ «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚሉት፣ እድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሰጠው ድጋፍ፣ ባጭሩ መቀመጥን፣ መራመድን፣ መብላትን፣ መጫወትንና መናገርን አእምሮ ገና በፍጥነት በሚገነባበት ዕድሜ ማለማመድ ነው። መዘግየቱ በወሊድ ጊዜ ከገጠመ የአየር እጥረት፣ ያለጊዜው ከመወለድ፣ ከማጅራት ገትር፣ ከምግብ እጥረት፣ ከዳውን ሲንድረም ወይም ከኦቲዝም ሊመጣ ይችላል፤ ምክንያቱ የማይታወቅበትም ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱ እስኪታወቅ ግን ልምምዱ አይጠብቅም።

ስለ እግር ብዙ አልጨነቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ እንዳገኘው፣ ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩት ከ8 ወር ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ከመቶ 4 ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ቀጥታ ይራመዳሉ። ጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ስለተራመደ የእናንተው ዘገየ ማለት አይደለም። ክልሉ ሰፊ ነው፤ ግን ጫፍ አለው። «ይደርሳል» የሚለው ቃላችን ችግሩ ጫፍ የሌለው መሆኑ ነው።

የእህቴ ልጅ በ20 ወሩ ጣት አይቀስርም ነበር። ውሃ ሲፈልግ የእናቱን እጅ አንጓዋ ላይ ይዞ እየጎተተ ይወስዳትና እጇን ጆጉ ላይ ያሳርፈዋል። ፊቷን አያይም። እኛ «ምን ያለ ብልጥ ነው!» ብለን ሳቅን። እናቱ ለክትባት በሄደችበት ጤና ተቋም ብትጠይቅ «ወንድ ልጅ ነው፣ ይደርሳል» ተባለች። 5 ወር በዚያ ቃል አለፈ። ዘመድም የራሱን ጨመረ፦ ምላሱ ታስሮ ነው፣ ይቆረጥለት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የምላስ ሥር መታሰር አለ፤ ጡት መጥባትን ሊያስቸግር፣ አንዳንድ ድምፆችንም ሊያጣምም ይችላል። ልጅ ጭራሽ ንግግር እንዳይጀምር ግን አያደርግም። አፉን ያልፈታ ልጅ ሁሉ ምላሱ የታሰረ ይመስል ምላጭ ይዞ የሚመጣን ሰው እባካችሁ ከደጅ መልሱት። መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮ ነው። ልጁ ሲጠሩት የማይዞረው በደንብ ስለማይሰማ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሳይጣራ የንግግር ሕክምና መጀመር በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

ጆሮው ደህና ከሆነ ወደ ጣት እንመለስ። ጣት ሁለት ዓይነት ነች፤ «ስጠኝ» የምትል ጣት አለች፣ «እይልኝ» የምትልም አለች። የመጀመሪያዋ ብስኩት ትፈልጋለች። ሁለተኛዋ የምትፈልገው ሰው ነው፤ አባ ኮዳን ማንም እንዲሰጠው አይደለም የሚያሳየው፣ አብራችሁት እንድትደነቁ ነው። ኤም-ቻት የሚባለው፣ ከ16 እስከ 30 ወር ስላሉ ልጆች ወላጆች የሚመልሱት መጠይቅ ካሉት 20 ጥያቄዎች ሁለቱን ለጣት የሰጠው ለዚህ ነው፤ አንዱ ለመጠየቅ ስለምትቀሰረው፣ ሌላው ለማሳየት ስለምትቀሰረው። መጠይቁ ብቻውን የበሽታ ስም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ይመራል እንጂ።

ጣት ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? ልጁ ጀልባውን ሲያሳያችሁ እናንተ ሳታስቡት «አዎ፣ ጀልባ!» ትላላችሁ። ቃሏ የደረሰችው ዓይኑና ልቡ ጀልባው ላይ ባለበት ሰዓት ነው፤ እንዲህ የመጣች ቃል ትቀራለች። የሚቀስር ልጅ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ቃል ያስመጣል። የማይቀስር ልጅ ያን ሁሉ ያጣል፤ እኛም ዝም ስላለን ዝም እንላለን። ወላጆች «ለምን አፉን አትሠሩለትም?» ብለው የሚቆጡት፣ ባለሙያው ግን ከአፍ በፊት በጣትና በዓይን የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ሲታይ ጨዋታ ነው። ክዳኑ የጠበቀ፣ ውስጡ የሚታይ ዕቃ ውስጥ የሚወደው ብስኩት ይገባል። ፊት ለፊቱ፣ ዓይን ለዓይን በምትገናኙበት ከፍታ መሬት ላይ ትቀመጣላችሁ። ከዚያ ትጠብቃላችሁ። እስከ አስር በልባችሁ ቁጠሩ። እጃችሁን ሊጎትት ሲመጣ የእሱን ጣት በቀስታ ታስተካክሉለትና ወደ ዕቃው ትመራላችሁ፤ ወዲያው «ብስኩት!» ብላችሁ ትሰጡታላችሁ። ከባዱ መጠበቁ ነው። የሐበሻ እናት ልጇ ሳይጠይቅ ማጉረስ ነው የምታውቀው፤ ፍቅሯ እዚህ ላይ ትንሽ መዘግየት አለበት። «ማማ በል፣ ውሃ በል» እያሉ ቀኑን ሙሉ እንደ ፈተና መጠየቅም አይረዳም፤ ልጁ የሚማረው የነገሩን ስም ከሚጠራለት ሰው ነው። «ጣትህን አትቀስር፣ ነውር ነው» ብሎ መቆጣትም ለትልልቆቹ ይቆይ።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ ልጁን ለባለሙያ አስረክቦ ውጭ ስልክ የሚነካካ ወላጅ ነው። ባለሙያው በሳምንት አንድ ሰዓት ቢያገኘው ነው፤ ቀሪው የእናንተ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ የሚሠለጥነው አሳዳጊው ነው። ባለሙያ በየከተማው በማይገኝበት አገር ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየኝም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስም የጀመሩት ከእናትነት ነበር። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚቀበለው ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ብዙ ወላጅ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማው ግን ከእሳቸው አፍ ነው።

የ15 ወር የኩፍኝ ክትባት ቀን ሲደርስ ካርዱን ይዛችሁ ስትሄዱ «ጣት ይቀስራል ወይ?» የሚለውን እናንተው አንሱ። በ18 ወሩም ካልቀሰረ «ይደርሳል» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይጻፍላችሁ።

ሐዋሳ ውስጥ ሳልናገረው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። እዚህ ብዙ ቤት በሁለት ቋንቋ ነው የሚያድረው። ልጅ ሲዘገይ «ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው፣ አንዱን ተዉ» ይባላል። አያደናግርም። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች እንኳ ሁለት ቋንቋ መልመድ እንደሚችሉ ጥናቶች አሳይተዋል። እኛም ተሳስተን ነበር። የእህቴ ልጅ አያት አማርኛቸው ብዙ አይደለም፤ በሲዳሙ አፎ እንዳያናግሩት ስለተነገራቸው 4 ወር ሙሉ አቅፈውት ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። አንድ ልጅ በቀኑ ውስጥ አብሮት ረጅሙን ሰዓት ከሚውል ሰው ቃል ተከለከለ።

አሁን ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው እሱ የቀሰረውን ሁሉ በሲዳሙ አፎ ይጠሩለታል፤ ማታ እናቱ ያንኑ በአማርኛ ትጠራለታለች። ባለፈው እሑድ ጉዱማሌ ይዘነው ሄድን። አባ ኮዳውን በጣቱ አሳየና ዞረ። የዞረው ወደ አያቱ ነበር።