የእርሻ በሬ ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ የጤንነት ምርመራ

መግቢያ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰው ክፉ ቀን ዋና መነሻው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ሲሆን፣ በሽታው የገባው ከውጭ በምጽዋ በኩል በመጡ ከብቶች እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ደስታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ሆኖም አፍተግር፣ ተላላፊ የከብት ሳምባ በሽታና ሌሎችም ዛሬም ከገበያ ወደ መንደር የሚገቡት በተገዛ ከብት ነው። አንድ በሬ ያለው አርሶ አደር በመቀናጆ ስለሚያርስ፣ የታመመ በሬ ቢገዛ ጉዳቱ ለቅንጅት ጓደኛውና ለመንደሩ መንጋ ይተርፋል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገዢዎች ያለ መሣሪያ ሊያደርጉት የሚችሉትን ምርመራ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

1. ከሩቅ መመልከት

በሬውን ከመንካት በፊት ጥቂት እርምጃ ርቆ መመልከት ይገባል። ጤነኛ በሬ አካባቢውን ይከታተላል፤ በጆሮውና በጅራቱ ዝንብ ይከላከላል፤ በአራቱም እግሩ እኩል ይቆማል፤ ሲያርፍ ያመሰኳል። ረጅም መንገድ የመጣ በሬ ግን ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ጥላ ሥር አሳርፎ እንደገና ማየት ነው። በዕረፍት ላይ ያለ በሬ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። አንገቱን ዘርግቶ፣ የፊት እግሮቹን ከፍቶ እያቃሰተ የሚተነፍስና የሚያስል በሬ በሳምባ በሽታ ስለሚጠረጠር መግዛት አይገባም።

2. ቀርቦ መመርመር

ሀ) ዓይን፦ የታችኛው ሽፋሽፍት ውስጡ ሲገለጥ ቀላ ያለ መሆን አለበት። ነጣ ያለ ከሆነ የደም ማነስ ምልክት ነው፤ ይህም ከገንዲ፣ ከውስጥ ጥገኛ ትላትል ወይም ከመዥገር ብዛት ሊመጣ ይችላል።

ለ) አፍና ሰኮና፦ ለሀጭ ማዝረብረብ፣ በምላስና በድድ እንዲሁም በሰኮና መካከል ቁስል መታየቱ አፍተግርን ያመለክታል።

ሐ) ጥርስ፦ ከብት በላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ የለውም፤ ይህ ጉድለት አይደለም። በታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቋሚ ጥርሶች በ2 ዓመት ገደማ ወይም ጥቂት ዘግይተው ይወጣሉ፤ ስምንቱም የሚሟሉት ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከ ድዱ ያለቀ ጥርስ ያለው በሬ አርጅቷል፤ ሣርም በሚገባ አይግጥም።

መ) ሰውነት፦ ጨው አልሰው ብዙ ውኃ በማጠጣት በሬውን የጠገበና የወፈረ የሚያስመስሉ ሻጮች አሉ። ስለዚህ ሆዱን ሳይሆን ጎድኑን፣ ወገቡንና ዳሌውን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ጭቃ የተለቀለቀበት ቦታ ቢኖር ታጥቦ ይታይ።

ሠ) የቀንበር ቦታ፦ የዳነ ጠባሳ ማረሱን ያሳያል። ያልዳነ ቁስል ግን በሬው በእርሻ ወቅት ሥራ እንዲያቆም ያደርጋል።

ረ) አካሄድ፦ በጠንካራ መሬትና በዳገት ላይ ማስኬድ፣ ከተቻለም ከሌላ በሬ ጋር ጠምዶ ማየት። በቀኝ ወይም በግራ መጠመድ እንደለመደም ሻጩን መጠየቅ ነው።

3. ከተገዛ በኋላ

በሽታ ያደረበት በሬ ምልክቱን በገበያ ቀን ላያሳይ ይችላል። አፍተግር ከ2 እስከ 14 ቀን፣ የሳምባ በሽታ ደግሞ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ አዲሱ በሬ ቢያንስ ለ30 ቀን ከመንጋው ተለይቶ፣ በተለየ ገንዳ እየጠጣና የእንስሳት ሐኪም እያየው እንዲቆይ እንመክራለን። ጠባቂው ነባሮቹን ከብቶች ከተንከባከበ በኋላ ወደ አዲሱ ይሂድ። የሳምባ በሽታ ከ30 ቀን በላይ ሊደበቅ ስለሚችል፣ በሽታው ከተሰማበት አካባቢ ፈጽሞ አለመግዛት ይሻላል።

ማጠቃለያ

ብዙ ጊዜ በሬ የሚገዛው ዝናብ ከጣለ በኋላ በችኮላ ነው። ያን ጊዜ ለይቶ ማቆየት አይቻልም፤ በሬው በማግስቱ ይጠመዳል። ስለዚህ ማኅበራት የግዥ ገንዘቡን አስቀድመው አዘጋጅተው ከእርሻ ወቅት ከአንድ ወር በላይ ቀድመው ይግዙ። ከተለያዩ ገበያዎች የተገዙ በሬዎችም በአንድ በረት አይቀላቀሉ። የ30 ቀን ቀለብ ወጪ ቢሆንም፣ አንድ መንጋ ከማጣት ይቀላል።