ውሃ የማይለምን አበባ

በነገሌ ቦረና አንድ ጽጌረዳ ግቢ ውስጥ ማቆየት ማለት ከቤተሰቡ ጀሪካን ላይ በየቀኑ መቀነስ ማለት ነው። ዝናቡ በሚጠፋባቸው ወራት፣ ውሃ በአህያ ጋሪ እየዞረ ሲሸጥ፣ የቤቱ እመቤት የትኛው ለወጥ፣ የትኛው ለልብስ እንደሚውል ታሰላለች። አበባ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቢገባም ከሁሉም በኋላ ነው። በያቤሎም፣ በሜጋም፣ በሞያሌም ብዙ ግቢ ባዶ ቀይ አፈር ሆኖ የሚታየው ሰዉ አበባ ስለሚጠላ አይደለም። ከከተማው ወጣ ሲሉ ግን፣ ፍየል በጋጠው ድንጋያማ መሬት ላይ፣ ማንም ያላጠጣው ተክል ብርቱካንማ አበባውን አቁሞ ይታያል። እሬት ነው።

ለብዙዎቻችን እሬት አበባ አይደለም፤ ምሬት ነው። ኑሮ ሲከብደን እንደ እሬት መረረን እንላለን። ሕፃን ጡት ማስጣል ሲያስፈልግ ቢጫ ፈሳሹ የእናቱ ጡት ላይ ይቀባል። ከዚያ ቀጥሎ የሚታወሰው መቃብር ነው፤ በምሥራቅና በደቡብ ኢትዮጵያ በብዙ ቦታ መቃብር ላይ ይተክሉታል፣ ሲያብብ ለሟቹ ደግ ምልክት ነው የሚሉም አሉ። እናም ደጃፍ ላይ እሬት ተክሎ እንግዳ የሚቀበል ሰው ከአንዳንድ አዛውንት ቁጣ ቢያጋጥመው አይግረመው። እኔ ግን መቃብሩን ለተክሉ እንደ ምስክር እቆጥረዋለሁ። ሰው መቃብር ላይ የሚተክለው ተመልሶ ሊያጠጣው እንደማይችል እያወቀ ነው፤ ስለዚህ የሚመርጠው ብቻውን የሚኖር ተክል ነው። ውሃ ለሚሸጥበት ከተማ ከዚህ የተሻለ የብቃት ወረቀት አላውቅም።

ሱቅ ውስጥ በሻምፑና በቅባት ላይ የሚታየው አሎ ቬራ የዓረብ ልሳነ ምድር ተክል ነው። የኛዎቹ ሌሎች ናቸው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሌላ የትም አገር የማይገኙት ብዙ ናቸው። ይህን ካሳወቁን ሰዎች ግንባር ቀደሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ሙዚየም የሠሩት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የዘለቀውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ምዝገባ ለረጅም ጊዜ መርተዋል፤ ከኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ጋር ሆነውም እሬቶቻችንን በመጽሐፍ ሰብስበዋል።

የደቡቡ ቆላ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ1893 ኢጣሊያዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በሶማሊያ በኩል ገብቶ ይህን አገር ሲያቋርጥ ዶሜኒኮ ሪቫ የተባለ ዕፅዋት ሰብሳቢ አብሮት ነበር። ሩስፖሊ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡርጂ አካባቢ ዝሆን ገደለው። የሪቫ ደረቅ ቅጠሎች ግን አውሮፓ ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1898 እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ቤከር ከእነዚያ ውስጥ ሦስት እሬቶችን ሰየመ። አንዱ በሟቹ ልዑል ስም አሎ ሩስፖሊያና፣ አንዱ በሰብሳቢው ስም አሎ ሪቬ፣ ሦስተኛው አሎ ኦታለንሲስ ይባላሉ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ሬይኖልድስ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ሁለት ጨመረ። ሰውዬው ሥራው መነጽር ማዘዝ ነበር፤ ትርፍ ጊዜውን በሙሉ በመኪና አፍሪካን እየዞረ እሬት ሲፈልግ የኖረ ነው። ከሜጋ እስከ ኬንያ ድንበር ቁጥቋጦ ውስጥ ተንሰራፍቶ የሚያድገውን አሎ ካሊዶፊላ፣ በያቤሎ ዙሪያ ብቻ በጠባብ ስፍራ የሚገኘውን ደግሞ አሎ ያቬላና አለው። አንድ የኢትዮጵያ ከተማ ስሟ በእሬት ላይ ሲጠራ፣ ከተማዋ ውስጥ በአደባባይ የሚተክለው አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ለግቢ የምመርጠው አሎ ካሊዶፊላን ወይም ከኬንያ እስከ እኛ ድረስ በሰፊው የሚገኘውን አሎ ሴኩንዲፍሎራን ነው። የመጀመሪያው ከሥሩ እየተባዛ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሆናል፣ ለአጥር ይመቻል። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ብቻውን የሚቆም፣ ቅጠሎቹ በክብ የተደረደሩ ነው፤ የአበባ ቅርንጫፎቹ ወደ ጎን ተዘርግተው አበቦቹ ሁሉ በአንድ ወገን ወደ ሰማይ ይዞራሉ፣ አንዴ ያየው አይረሳውም። የሩስፖሊ እሬት ግን ልጆች ባሉበት ግቢ አይተከል። ቢጫ አበባው ያምራል፤ ቅጠሉ ሲቆረጥ የአይጥ ሽታ ይሸታል፣ ያ ሽታ የመርዝ ምልክት ነው። ቅጠሉ ጅብ ለመመረዝ ያገለግል ነበር።

እሬት ያለ ውሃ እንዴት ይኖራል? ሚስጥሩ ሌሊት ነው። አብዛኛው ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ከፍቶ አየር ይስባል፤ በዚያው ቀዳዳ ውሃው በፀሐይ ይተናል። እሬት ቀኑን ሙሉ ቀዳዳውን ዘግቶ ይውላል፤ ፀሐይ ጠልቃ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል፣ የሚፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስገብቶ በአሲድ መልክ ያከማቻል። ሲነጋ ቀዳዳውን ዘግቶ በሌሊት ስንቁ ይሠራል። ውሃውን ደግሞ በቅጠሉ መሐል ባለው ዝልግልግ ነገር ውስጥ ይይዛል፣ በላዩም ሰም መሰል ልባስ አለው። አንድ ቅጠል በቢላ ቢቆረጥ ነገሩ ይታያል። ከቆዳው ሥር ባለው ቀጭን መስመር ቢጫ ጠብታዎች ይደረደራሉ፤ ጥቂት ቆይተው ይወፍራሉ፣ ቡናማ ይሆናሉ፣ በመጨረሻ እንደ ብርጭቆ ይደርቃሉ። ምሬቱ ያለው እዚያ ነው፤ መሐሉ ያለው ነጭ ዝልግልግ መራራ አይደለም። ቢጫው ሆድ የሚያስቀምጥ ብርቱ ነገር ስለሆነ እርጉዝ ሴትም ሌላ ሰውም ከግቢው ቆርጦ ባይጠጣው ይሻላል። ለተክሉ ግን አጥሩ ነው፤ ከብትም ፍየልም ሌላ የሚበላ እያለ አይነካውም። ግጦሽ የበዛበት መሬት ላይ እሬት እየበዛ የሚሄደውም ለዚህ ነው፤ ጎረቤቶቹ ሣሮች ይበላሉ፣ እሱ ይተርፋል።

ከደጋ የሄደ ሰው በመጀመሪያ የሚሳሳተው በወቅቱ ነው። አዲስ አበባ ችግኝ በሰኔና በሐምሌ ይተከላል። ነገሌ ላይ እነዚያ ወራት ደመናማ፣ ነፋሻማና ደረቅ ናቸው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ አጭሩ፣ ሀገያ የሚባለው፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይመጣል፣ ከመጣ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ቦረና ከብቱን ያጣበትን ጊዜ ማንም አልረሳም። እሬቱን መጋቢት ላይ፣ ሰማዩ ሊጠቁር ሲል መትከል ነው። ዝናቡ ቢቀርም ተክሉ አይሞትም፤ ቅጠሉን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ቀላ ብሎ ይጠብቃል። መቅላቱ በሽታ የሚመስላቸው ሰዎች ደንግጠው ውሃ ያፈሱበታል፤ የፀሐይና የጥም ቀለም ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይለመልማል።

ከትልቅ ተክል ሥር የወጣ ቡቃያ ወይም ከግንዱ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ይወሰዳል። ወዲያው ወደ አፈር አይገባም፤ ጥላ ውስጥ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ አንድ ሳምንት ያህል ተጋድሞ የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅና ቆዳ እስኪያወጣ ይጠብቃል። እርጥብ ቁስል አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ጎርፍ የማይተኛበት ይሁን። የነገሌ ቀይ አፈር ሲረጥብ የሚጣበቅ ከሆነ ከወንዝ አሸዋና ከጠጠር ጋር ተቀላቅሎ ትንሽ ከፍ ብሎ ይደለደላል። ፍግ አያስፈልግም፤ ፍግ የበዛበት እሬት ወፍሮ ይለሰልሳል፣ አበባው ግን ይሳሳል። መሬት የሌለው ግማሹ የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውስጥ፣ ታችኛውን በጋለ ምስማር ብዙ ቦታ በስቶ፣ ሊተክል ይችላል። ከተተከለ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ምንም አይጠጣም። ከዚያ ሥር እስኪይዝ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ሥር ከያዘ በኋላ ደግሞ ዝናቡ ይበቃዋል። ጥላ ውስጥ ያደገ ችግኝ በአንድ ጊዜ ለቀትር ፀሐይ ቢጋለጥ ይቃጠላል፤ ጥቂት ቀናት በማለዳ ፀሐይ ብቻ እንዲለምድ ማድረግ ይበጃል።

ከድርቅ ይልቅ ብዙ እሬት የሚገድለው እንክብካቤ ነው። ግቢውን ሊያሳምር የፈለገ ሰው ጠዋት ጽጌረዳውን ሲያጠጣ እሬቱንም ያካፍለዋል፤ በወራት ውስጥ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ግንዱ ሲነካ ይንበጨበጫል። ከጽጌረዳ ጋር በአንድ መደብ አይተከል፣ ነገሩ በዚህ ያልቃል። በቅጠሉ ላይ ነጫጭ ቅርፊት የመሰለ ተባይ ሲታይ በሳሙና ውሃ በጨርቅ መፈግፈግ በቂ ነው። አበባው አጠገብ ያበጠ፣ የተጨማደደ እባጭ ከታየ ግን ያን ክፍል ቆርጦ ማቃጠል ይሻላል፤ ምክንያቱ በዓይን የማትታይ ደቃቅ ተባይ ነች፣ ወደ ሌሎቹ ትዛመታለች።

ችግኙ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ቁጣ አለኝ። መኪና አቁሞ ከመንገድ ዳር ትልቁን፣ ሊያብብ የደረሰውን ነቅሎ መጫን ቀላል ነው። ያ ተክል ብዙ ዓመት ያደገ ነው፤ ተነቅሎ ሲጓዝ ሥሩ ይቆረጣል፣ ብዙውን ጊዜም ይሞታል። አሎ ቬራ ሲቀር እሬቶች በሙሉ በዓለም አቀፉ የዱር ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው፤ ይዟቸው ድንበር የሚሻገር ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ድንበሩ ማዶ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1986 በፕሬዚዳንት ሞይ ትእዛዝ ከዱር እሬት ፈሳሽ ለንግድ መልቀምን ከልክላለች። የያቤሎውን እሬት፣ በዚያች ጠባብ ስፍራ ብቻ ያለውን፣ ሥሩን የነካ ሰው ይቅርታ አይገባውም። የሚወሰደው ከሰው አጥር ነው። በገበያ ቀን ቢጠየቅ ኦሮሞው ሀርጌሳ፣ ሶማሌው ዳዓር ይለዋል፤ አጥሩ ላይ ያለው ሰው ቡቃያ ሲለመን አይከለክልም።

ተክሉ ሲደርስ ከቅጠሉ መሐል የአበባ ዘንግ ይወጣል፣ ከሰው ወገብ በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አበቦቹ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይከፈታሉ፤ ስለዚህ በአንድ ዘንግ ላይ የታችኛው ሲጠወልግ የላይኛው ገና እምቡጥ ነው፣ ለሳምንታት ይዘልቃል። ቱቦ መሰል አበባው ውስጥ ጣፋጭ ውሃ አለ። ቀጭን፣ ወደ ታች የታጠፈ ምንቃር ያላቸው፣ ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቁት ትንንሽ የአበባ ወፎች ማለዳ ዘንጉ ላይ ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን እያስገቡ ይጠጣሉ፤ ሲወጡ ግንባራቸው በብናኝ ቢጫ ሆኗል። ንብም አትቀርም። በድርቅ ወር ሌላ የሚያብብ ሲጠፋ ይህ ዘንግ ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ዝንጀሮም ያውቀዋል፤ ከከተማ ዳር ያለ ሰው አንድ ጠዋት ዘንጎቹ ሁሉ ተሰባብረው ቢያገኝ ጎረቤቱን ባይጠረጥር መልካም ነው።

ዘር የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። እሬት በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ዘር አይቋጥርም። ከአንድ ተክል ሥር የተወሰዱ አሥር ቡቃያዎች ደግሞ አሥር ተክሎች ቢመስሉም አንድ ናቸው፤ አብበው አብበው ፍሬ ሳይሰጡ ይቀራሉ። ስለዚህ አንዱን ቡቃያ ከአንድ ሰፈር፣ ሌላውን ከሌላ ሰፈር አጥር ማምጣት ነው፤ ዝርያው ግን አንድ መሆን አለበት፣ አለዚያ እሬቶች በቀላሉ ስለሚዳቀሉ የሚበቅለው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ፍሬው አረንጓዴነቱን ለቆ ቡናማ ሲሆን፣ ሦስት ቦታ ሊሰነጠቅ ሲል፣ በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል፤ ዘሩ ቀጭን ክንፍ ስላለው የነገሌ ነፋስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠርገዋል። የተሰበሰበው ዘር በአሸዋ ላይ ተበትኖ፣ በስሱ አሸዋ ተሸፍኖ፣ በቀላል ጥላ ሥር ርጥበቱ እየተጠበቀ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። የመጀመሪያ ቅጠሎቹ ሣር ይመስላሉና አራሚ ልጅ እንዳይነቅላቸው መንገር ያስፈልጋል። ከዘር የበቀለው እስኪያብብ ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከቡቃያ የተተከለው ግን ቀድሞ ይደርሳል።