ከአያት የተወረሰ ብዕር



በረመዳን ዋዜማ አንድ አባት ወደማስተምርበት መድረሳ መጡ። አያታቸው በእጃቸው የጻፉትን ቁርኣን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ከጥቅሉ ውስጥ ሦስት የመቃ ብዕሮችም ወጡ። «ኡስታዝ፣ እቤት የሚያነበው የለም። ምስጥ ከሚበላው ገዢ ቢፈለግለት ምን ይመስልዎታል?» አሉኝ። ወዲያው መልስ ልሰጣቸው አልደፈርኩም። ይልቅስ የአንድ ሰው ታሪክ አጫወትኳቸው። ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰይድ ሳዲቀይን አህመድ ነቅቪ በ1930 በሰሜን ሕንድ፣ አምሮሃ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በቁም ጽሕፈት የታወቀ ነበር። ሌላው ሕፃን በአሻንጉሊት ሲጫወት እርሱ ብዕር ሲቀረጽና ቀለም ሲበጠበጥ እያየ አደገ። ዓለማዊውንም ትምህርት አልተወም፤ በ1948 ከአግራ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ሕንድና ፓኪስታን በ1947 ከተለያዩ በኋላ ወደ ካራቺ ተሻገረ። አገሩንና ሰፈሩን ትቶ ቢሄድም የእጁን ሙያ ግን አልተወውም።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ከካራቺ ብዙም በማይርቀው የጋዳኒ ባሕር ዳርቻ ተቀመጠ። በዚያ ደረቅ አሸዋ ላይ እሾሁን ለብሶ ቀጥ ብሎ የቆመ ቁልቋል ቀልቡን ሳበው። ውኃ በሌለበት የሚያድግ፣ ንፋስ የማይጥለው ተክል! ከዚያ ወዲህ በሥዕሎቹም ሆነ በፊደሎቹ ላይ ያ ወደ ላይ የተዘረጋ የቁልቋል ቅርጽ ይታያል። አያቶቹ ያቆዩለትን ፊደል ሳይጥል፣ እርሱ በዓይኑ ያየውን ጨመረበት።

በ1961 በፓሪስ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የወጣት ሠዓልያን ትርዒት ተሸለመ። እዚያው ቀርቶ በምቾት መኖር ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ ሕዝብ በሚያየው ግድግዳ ላይ መሥራትን መረጠ። በ1967 በማንግላ ግድብ የኃይል ማመንጫ ውስጥ የሠራተኛውን ልፋት የሚያሳይ፣ ርዝመቱ ከ50 ሜትር የሚበልጥ ሥዕል ሠራ። በ1973 የላሆር ሙዚየምን ጣሪያ በሥዕል ሸፈነ።

ገጣሚም ነበር። ሩባዒያት የሚባሉትን ባለ አራት ስንኝ ግጥሞች በኡርዱ ቋንቋ ከአንድ ሺህ በላይ ጽፏል። ግጥሙን ራሱ ይገጥማል፣ ራሱ በቁም ጽሕፈት ይጽፋል፣ ራሱም ሥዕል ያክልበታል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የሱረቱ ረሕማን ሥራው ነው። በዚህች 78 አንቀጾች ባሏት ሱራ ውስጥ፣ ከጌታ ጸጋ የትኛው ሊስተባበል እንደሚችል የሚጠይቀው አንቀጽ 31 ጊዜ ይመላለሳል። ሳዲቀይን ሱራይቱን ደጋግሞ በትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ ጽፏታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የትውልድ አገሩን ሕንድን ሲጎበኝም በዴልሂ የአላህን 99 ስሞች ጽፎ ትቷል። አብዛኛውን ሥራውን ደግሞ አልሸጠም፤ ለሕዝብና ለተቋማት ሰጠ እንጂ።

እርግጥ የሰው ምስል በብዛት ስሏል። ዑለማዎች በዚህ ላይ የሚሉት የታወቀ ስለሆነ በሁሉም ነገር አርአያችን ይሁን አልልም። ይሁን እንጂ ከአባቶቹ የተቀበለውን አደራ የያዘበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። በየካቲት 1987 ካራቺ ውስጥ ሲሞት የፍሪየር አዳራሽን ጣሪያ እየሠራ ነበር። ሥራው ሳያልቅ እንደተጀመረ ቀርቷል፤ ዛሬም ሰው ቀና ብሎ ያየዋል።

ወላጆች ሆይ! የእኛስ አደራ የት ነው? የሐረር ጸሐፊዎችና ጠራዦች ያዘጋጁት ቁርኣን፣ የወሎ ሸኾች በዐጀም የጻፉት መንዙማ በስንት ቤት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበታል? አንዳንዱን ምስጥ ይበላዋል፤ አንዳንዱ ለመንገደኛ ተሸጦ ከአገር ይወጣል። ልጆቻችን ግን አያታቸው ጸሐፊ እንደነበሩ እንኳ አይሰሙም። እንግዲያው መጽሐፉን በደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ማን እንደጻፈው ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ የጻፈበትን ብዕር አስይዟቸው። የእጅ ሙያ በሳጥን አይወረስም፤ በእጅ ነው።

እኚያ አባት ታሪኩን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ቁርኣኑን መልሰው ጠቀለሉት፤ ከሦስቱ ብዕሮች አንዱን ግን ለየት አድርገው በኪሳቸው ከተቱ። በሳምንቱ የአሥር ዓመት ልጃቸው ያንን ብዕር ይዞ መድረሳ መጣ። የመጀመሪያዋን አሊፍ አጣሞ ጻፋት። ሎሁን አጥቦ እንደገና ጀመረ።

ወላሁ አዕለም።